የአንድ ለአምስት ገጠመኝ

ሀሴት አንብባ ስትጨርስ አምስተኛ «ለ» ጸጥ አለ። ጸጥ ማለት የማያውቅ ክፍል ነው፤ የክረምት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንኳ ከዝናቡ በላይ የሚጮሁ ልጆች ናቸው። አሁን ግን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ባገኘው ሁሉ የሚያላግጠው ሙሀመድአወል ሳይቀር አገጩን በመዳፉ ደግፎ ቀርቷል። አንዲት ልጅ በሻርፗ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች።

መምህርት ማዕዶት ጠመኔውን እንደያዘች ወደ መስኮቱ ዞር አለች። ዐይኗ ሲረጥብ ሰው እንዲያይባት አትወድም።

ሀሴት ያነበበችው እንዲህ ነበር። ባለፈው መስቀል አባቷ ከአዲስ አበባ መጣ። በሩ ላይ ቆመና አልገባም አለ። ከኋላው አንድ ትንሽ ልጅ፣ ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ የተጫማ፣ ሱሪውን ጨብጦ ቆሟል። «ይህ ወንድምሽ ነው» አላት አባቷ። እናቷ እሪ ብላ መሬት ላይ ተዘረረች። የእሷም እንባ እንደ ጎርፍ ወረደ። ልጁን ከማየት ዕውር መሆን ተመኘች። «ያን ቀን የልጅነቴ ፀሐይ ጠለቀች» ትላለች መጨረሻው ላይ።

ማዕዶት የሀሴትን አባት፣ አቶ ቴዎድሮስን፣ ታውቃቸዋለች። ልጃቸውን እስከ ግቢው በር አድርሰው ኮፍያቸውን አንሥተው ሰላም የሚሉ፣ ዝምተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። «የሰው ቤት ውስጥ ያለውን ማን ያውቃል» አለች በሆዷ፤ ሀሴትንም ጠርታ ራሷን ዳሰሰቻት። ሙሉ ማርክ ሰጠቻት።

በዚያው ቅጽበት ዳይሬክተሩ አቶ ባልቻ በበሩ ብቅ አሉ። ኮሪደር ላይ ቆመው ሲሰሙ ኖረዋል።

«ይቺ ወልቂጤ ትሄዳለች» አሉ። ወልቂጤ ላይ ከየትምህርት ቤቱ የተመረጡ ልጆች ጽሑፋቸውን በአደባባይ የሚያነቡበት ቀን ተቃርቦ ነበር። «ዳኞቹን እንዲህ ካስለቀሰችልኝ ዋንጫው የኛ ነው።»

ልጆቹ አጨበጨቡ። አንዲት ልጅ ብቻ አላጨበጨበችም። ከሀሴት ጎን የምትቀመጠው ፈቲሀ ግንባሯን ዴስኩ ላይ ደፍታ ነበር። ማዕዶት አየቻት፤ እሷም እንደ ሌሎቹ ታሪኩ ነክቷት የምታለቅስ መሰላት።

ገጠመኝ መጻፍ ማስተማር ከጀመረች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። መጀመሪያ «የደረሰባችሁን ነገር ጻፉ» ብላ ስትሰድዳቸው ክፍሉ በሙሉ ያመጣላት ስለ አንዲት አሮጊት ነው። አሮጊቷ አስፋልት መሻገር ያቅታታል፤ ተማሪው ክንዷን ይዞ ያሻግራታል፤ አሮጊቷም «እደግ» ብላ ትመርቀዋለች። የመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ምሳሌ ነው። ማዕዶት ደብተር ገልጣ አሮጊት፣ ደብተር ገልጣ አሮጊት ሲሆንባት በማግስቱ ክፍል ገብታ፣

«ለመሆኑ ቡታጅራ ውስጥ እንዲህ መንገድ ያስቸገራት አሮጊት ማን ናት?» አለች። «ስትሻገር ስትመለስ ደከማት እኮ። እንተዋት፣ ትረፍ።»

ልጆቹ ሳቁ። ሙሀመድአወል ግን «ቲቸር፣ እኔ ወደ ማትፈልገው ማዶ ነው ያሻገርኳት» አለና ከሁሉም በላይ አሳቃቸው።

ከዚያ በኋላ ዘዴ ለወጠች። ከመጻፍ በፊት ማውራት። አንዱ ይናገራል፤ የቀሩት «ከዚያስ? ምን አየህ? እጅህ ላይ ምን ነበር?» እያሉ ይጠይቁታል። አፍ ያላወጣውን እጅ አይጽፈውም ትል ነበር፤ እውነትም ልጆቹ ሲያወሩ ሌላ ሰው ሆኑ። እንሴኖ መንገድ ላይ በአህያ ጋሪ ስለ ተገለበጠ፣ ቆሼ ከተማ አክስቱ ቤት ሄዶ ሌላ ሰው ቤት ገብቶ ምሳ ስለ በላ፣ ምኑ ቅጡ። ልጆቹን ለወሬው ያስቀመጠቻቸው ግን እንደ ነበሩበት ነው፤ በአንድ ለአምስት። የአደረጃጀቱ ስም ከብዙ ቦታ ቢጠፋም ልማዱ እዚህ አልጠፋም። አምስት ልጅ አንድ ቡድን ነው፤ ከአምስቱ በውጤት የበለጠው መሪ ነው፤ የቡድኑን ሥራ የሚጽፈውም፣ ተነሥቶ የሚያነበውም መሪው ነው። ሒሳብም ሆነ ሳይንስ የሚሠራው እንዲሁ ነው። ወንበሩን ማፈራረስ ያስጮሃል ብላ ተወችው እንጂ ሌላ ነገር አልታሰባትም።

በማግስቱ ጠዋት፣ የሰንደቅ ዓላማው መዝሙር እንዳለቀ፣ የሀሴት እናት መጣች።

የዳይሬክተሩ ቢሮ ገብታ አልተቀመጠችም። ነጠላዋን አጥብቃ ተከናንባለች፤ ዐይኖቿ አብጠዋል። ማዕዶት ተጠርታ ስትገባ ሰላምታም አላስጨረሰቻት።

«መምህርት፣ ካንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?»

«የትኛው ልጅ?»

«የባሌ ልጅ ነዋ!»

አቶ ባልቻ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሰፈሩ ሰምቷል» አለች ሴትዮዋ። «የጎረቤቴ ልጅ እዚሁ ክፍል ናት፤ እቤቷ ገብታ ዘረገፈችው። እኔ መሬት አልወደቅሁም፤ ልጁን ግን ከየት አመጣችው? እኔ ከሰው ነው የምሰማው? ባለፈው መስቀል ሥልጠና አለብኝ ብሎ አዲስ አበባ ከረመ። አመንኩት። ይኸው፣ ሥልጠናው ጫማ ተጫምቶ መጣ!»

«እሳቸው ምን አሉ?» አለች ማዕዶት።

«ምን ይላል! 'የምን ልጅ?' ይለኛል፤ ዐይኑን በጨው አጥቦ። ሻንጣውን በረንዳ ላይ አወጣሁለት። ጓደኛው ቤት ነው ያደረው።»

አቶ ባልቻ ሀሴትን አስጠሯት። ልጅቷ እናቷን ስታይ የዩኒፎርሟን ጫፍ መጠምዘዝ ጀመረች።

«ሀሴት፣ አባትሽ ልጅ ይዞ መጥቷል?» አሏት።

«አልመጣም።»

«ታዲያ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«የቡድናችን ሥራ ስለሆነ ነው» አለች ሀሴት፤ ጥያቄው እንግዳ ሆኖባት። «አምስታችንም አወራን። የአንዷ ከሁላችን በለጠ። የበለጠውን ጻፍኩ። የቡድን ሥራ ሁልጊዜ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሒሳቡንም እኔ ነኝ።»

«መስቀሉስ? እናትሽ መሬት ላይ መውደቋስ?»

«እሱን እንዲያምር ጨመርኩበት። እነሱ ቤት አረፋ ነበር። እኛ ግን አረፋ አናከብርም፤ ስለዚህ መስቀል አደረግሁት።»

ማዕዶት ዴስኩ ላይ የተደፋው የፈቲሀ ግንባር ትዝ አላት። ከሀሴት ቡድን አረፋ የሚያከብሩ ቤቶች አንድ ብቻ አይደሉም፤ ማዕዶት ግን የማን እንደሆነ አወቀች። ልጅቷ አላለቀሰችም ነበር። የራሷን ዕቃ ከእጇ ነጥቀው ፊት ለፊቷ እያደነቁ ሲቀባበሉት እንደምታይ ሰው ነው አንገቷን የደፋችው።

የሀሴት እናት ግን ገና አልተረጋጋችም። «አባቷ መክሯት ይሆናል» አለች። «ልጅ በእናቷ ፊት ይህን ነው የምትለው። እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ቤት አለው። የማን ነው? ስሟን ንገሪኝና ሄጄ በዐይኔ ልይ።»

ሀሴት አፏን ከፈተች።

«ዝም በይ» አለች ማዕዶት። ድምፅዋ እሷኑ አስደነገጣት። በዚህ ትምህርት ቤት ስትቆጣ የሰማት ሰው የለም። «ስም እንዳትጠሪ። ወደ ክፍልሽ ሂጂ።»

ልጅቷ ወጣች። አቶ ባልቻ ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ።

«መምህርት፣ አንድ ስም እኮ ነው። አንድ ትዳር ሊፈርስ ነው።»

«የአንዱን ቤት ለመድፈን የሌላውን ቤት ጣራ አልከፍትም» አለች ማዕዶት። «መጀመሪያ ባለታሪኳን ልጠይቅ።»

«እሷ እስክትጠየቅ ባሌ የት ይደር?» አለች የሀሴት እናት።

ማዕዶት «ዛሬውኑ እጠይቃታለሁ» ብላ ወጣች። ነገሩ ለምን እንዲህ እንዳንገበገባት አቶ ባልቻ ሊገባቸው አይችልም፤ ነግራቸውም አታውቅም። ባሏ ስምዖን ካረፈ ጀምሮ ወልቂጤ ያለች እህቱ፣ እቴ ኢትዮጵያ፣ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ያን ቀን ትተርከዋለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ወንድሟን ትወድ ነበር። «መርዶውን ስትሰማ» ትላለች ማዕዶትን በእጇ እያመለከተች፣ «ያቺ የተማረች፣ ያቺ ረጋ ያለች ልጅ፣ ጸጉሯን ነጭታ መሬት ለመሬት ተንከባለለች።» ሰውም ከንፈሩን ይመጥጣል። ማዕዶት ሳህኗን እያየች ትሰማለች። እሷ አልተንከባለለችም። ስልኩ ሲደወል የፈተና ወረቀት እያረመች ነበር። ስልኩን አስቀምጣ በእጇ የነበረውን ወረቀት እስከ መጨረሻው አርማ፣ ማርኩን ደምራ፣ ከላይ ጽፋ፣ ከዚያ ነው የተነሣችው። ለምን እንደዚያ እንዳደረገች አታውቅም። ለማንም አልተናገረችም። የእቴ ኢትዮጵያ ታሪክ ከእውነቱ ይልቅ ስለሚያምር፣ ሰዎች እያዘኑላት ያሉት ለሌላ ሴት ይመስላታል።

ፈቲሀን በዕረፍት ሰዓት ቧንቧው አጠገብ አገኘቻት። ከቡድኗ ወንበር ተነሥታ ኋላ፣ ወንዶቹ መሐል እንደ ተቀመጠች መምህራኑ ነግረዋታል። የአማርኛ ደብተሯንም ከቤት አላመጣችም። ማዕዶት ሲሚንቶው ላይ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ፈቲሀ።»

«አቤት ቲቸር።»

«ሀሴት ያነበበችው ታሪክ ያንቺ ነው?»

«አይደለም።»

«አይደለም?»

«የኔ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው የለም።»

ልጅቷ በጫማዋ ጫፍ ጭቃውን ቆፈረች። ቤታቸው የሚነገረው መስቃንኛ ነው፤ አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ስለሆነ ስትጽፍ ብዙ ትቆያለች፤ ቃል ሲጠፋት ብዕሯን ትነክሳለች። ስታወራ ግን አይጠፋትም።

«ደግሞ ዑመይርን ጠላሁት ይላል» አለች በድንገት። «እኔ መቼ ጠላሁት? አንዴ ቆነጠጥኩት እንጂ።»

«ለምን ቆነጠጥሽው?»

«ሸናብኛ!»

«ምን ላይ?»

«አዲሱ ቀሚሴ ላይ። የአረፋዬ ላይ።» አሁን ፊቷ ወደ መምህሯ ዞረ። «የሴቶች አረፋ ዕለት ነው። ወንዶቹ በነጋታው ነው የሚያርዱት፤ ያ ቀን የእኛ ነው፣ ቅቤው፣ ቡላው፣ ጎመኑ። እናቴ ቅቤ ታነጥራለች። አባቴ ገባ። እሱ አዲስ አበባ ነው የሚነግደው፤ ለአረፋ ይመጣል። ልጁን ይዞታል። ምንም አላለም። ውኃ ስጡኝ ብሎ ጠጣ። እንደገና ጠጣ። ከዚያ 'የኔ ነው' አለ።»

«እናትሽ ምን አሉ?»

«እናቴ ልጁን አየችውና 'በልተሃል?' አለችው። አልበላሁም አለ። ቡላ በቅቤ ሰጠችው። አልፈልግም አለ። ቆጮ ሰጠችው። ይሄ ምንድን ነው አለ! ዳቦ አለ። አያታችን ሳቀች፣ 'በአረፋ ዳቦ የሚለምን ጉራጌ አየሁ' አለች። ሁላችንም ሳቅን። አባቴ ብቻ አልሳቀም። እኔ ዳቦ ፍለጋ ተላክሁ፤ ልጁ አብሬ ካልሄድኩ ብሎ ቀሚሴን ያዘ፤ አዘልኩት። ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። አንድ ሱቅ አንኳኩተን ሲከፈትልን ጀርባዬ ላይ ተኝቷል። ከዚያ ሞቀኝ።»

«ሞቀሽ?»

«ሽንቱ ነዋ ቲቸር!»

ማዕዶት ሳቀች። ቆይቷታል እንዲህ ከሆዷ ከሳቀች፤ አፏን በመሐረቧ ያዘች። ፈቲሀም መሳቅ ጀመረች፤ ወዲያው ግን ተቆጣች።

«የኔ ሳቅ ነበር ያለው። እነሱ ግን ሁሉም አለቀሱ። ዑመይርን ሳያውቁት አለቀሱበት። አሁን ወልቂጤ ወስዳ ሌላ ሰው ታስለቅስበታለች።»

ማዕዶት የሀሴትን ቤት ነገር ነገረቻት፤ ሻንጣውን፣ በረንዳውን። ልጅቷ ዐይኗ ፈጠጠ።

«ስምሽን አልተናገርኩም» አለች ማዕዶት። «ካልፈለግሽ አልናገርም። የቡድኑንም ጽሑፍ ወልቂጤ አልልከውም። ያንቺ ነው፤ አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

«እናቴ ትጠየቅ» አለች ፈቲሀ። «ልጁ የእሷም ነው።»

ከትምህርት በኋላ አብረው ገበያ ሄዱ። የፈቲሀ እናት ከድጄ ቅቤ ትሸጣለች፤ ጥላ ሥር፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለውን ቅቤ ከፊቷ ደርድራ ተቀምጣ ነበር። ከኋላዋ ስንደዶ የመሰለ ቀጭን ልጅ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይገምጣል።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አለች ማዕዶት፤ እዚህ አገር ስትኖር የለመደችው ነው።

«ወዐለይኩም ሰላም፣ ቲቸርዬ! ነይ ተቀመጪ። ምን አጠፋች?»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች ማዕዶት፤ ነገሩንም ከሥር ከመሠረቱ አወራቻት።

ማዕዶት የአቶ ቴዎድሮስ ሻንጣ በረንዳ ላይ መውጣቱ ላይ ስትደርስ ከድጄ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ሱብሓነላህ! ሰውየው በባሌ በሸረፋ ልጅ ከቤቱ ወጣ?» ጎኗ ወዳለችው ነጋዴ ዞራ በመስቃንኛ ነገረቻት፤ ሁለቱም ተያይዘው ሳቁ። «ምነው ሸረፋ በሰማ! እሱን እንኳ እኔ አላወጣሁትም።»

ከዚያ ሳቁ አለቀ። ከቅቤው ላይ ዝንብ አባረረች።

«እኔንስ ምን ብላ ጻፈችኝ ያቺ ልጅ?»

«እሪ ብለሽ መሬት ላይ እንደ ተዘረርሽ።»

«እኔ? ቅቤ እሳት ላይ ጥጄ?» አለች ከድጄ። «ማን ሊያወርደው?»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ማዕዶት ስለዚህ ነገር ከዚያ በላይ ልትጠይቃት አልፈለገችም፤ ከድጄም የምትጨምረው አልነበራትም። የልጁ እናት አረብ አገር ሄዳ ልጁ የሚይዘው ሰው እንዳጣ፣ ከአረፋው ወዲህ እዚሁ እንደ ቀረ ብቻ ነገረቻት። «እኔ የመሰለኝን ለአላህ ተናግሬያለሁ» አለች። «ልጄ ደግሞ የራሷን ትናገር፤ ካሻት። እኛ ቤት የተደበቀ ልጅ የለም፤ ይኸው ገበያ መሐል ተቀምጧል። የሴትዮዋ ባል ግን ቶሎ ቤቱ ይግባ። የሰው ትዳር በኛ አረፋ አይፍረስ።»

በነጋታው ጠዋት ፈቲሀ ሳትጠራ የዳይሬክተሩን ቢሮ አንኳኳች። የሀሴት እናት መልስ ፍለጋ ተመልሳ መጥታ እዚያው ነበረች።

«ልጁ የኛ ነው» አለች ፈቲሀ፣ በሩን ሳትዘጋ። «ዑመይር ይባላል። አባቱ የኔ አባት ነው፤ የሀሴት አባት አይደለም። ቅቤ ተራ ከእናቴ ጋራ አለ፤ ማየት ይቻላል።»

የሀሴት እናት ፊት መጀመሪያ ቀላ፤ ቀጥሎ ተፈታ። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ» አለች፤ «ውይ ቴዲዬ! ያን ማታ እንዴት ያለ ስድብ ሰደብኩት!» ከዚያ ልጅቷን አየችና አንገቷን ዘንበል አደረገች። «የኔ እናት፣ አይዞሽ እሺ? ምስኪን…»

«ምስኪን አይደለሁም» አለች ፈቲሀ። «ምስኪኑስ አባባ ቴዎድሮስ።»

አቶ ባልቻ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። ሴትዮዋ ግን መጀመሪያ ደነገጠች፤ ቀጥሎ በእንባዋ መሐል ሳቀች፤ ነጠላዋንም አጣፍታ ቶሎ ቶሎ እየተራመደች ሄደች። የምትሄደው ወዴት እንደሆነ አልጠየቋትም።

የዚያን ዕለት ማዕዶት ክፍል ገብታ ወንበሮቹን አፈረሰች። ጩኸቱ እስከ ከተማው ዳር ሳይሰማ አልቀረም። «ሒሳብ በቡድን ይሠራል» አለቻቸው። «ገጠመኝ ግን የቡድን የለውም። እዚህ ቦታ የነበረው ማን ነው? እሱ ይጻፈው። የሌላውን ለመስማት ነው የምንጠይቀው፤ ለመውሰድ አይደለም። ይህን አስቀድሜ መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

ሀሴት አቀርቅራ ተቀመጠች። ፊቷ ያለው ወረቀት ባዶ ነው። ማዕዶት አጠገቧ ስትደርስ ቀና ሳትል፣

«እኔ ላይ ምንም ነገር ደርሶ አያውቅም» አለች። «እኛ ቤት ምንም አይመጣም።»

«አባትሽ ጓደኛቸው ቤት ማደራቸውስ?»

ልጅቷ ቀና አለች። «እሱ ይጻፋል?»

«እናትና አባትሽን ጠይቂ። እሺ ካሉሽ ይጻፋል።» ማዕዶት ዝቅ አለች። «ፈቲሀንስ?»

«ይቅርታ አልኳት። ዝም አለችኝ። ከዚያ የዳቦዋን ግማሽ ሰጠችኝ።» ሀሴት ትንሽ አሰበች። «እሺ ማለቷ ይሆን?»

«የዛሬው ይሆናል» አለች ማዕዶት።

ፈቲሀ ግን ሳምንቱን ሙሉ ጻፈች። ብዕሯን እየነከሰች፣ እየሠረዘች፣ ቃል ፍለጋ ማዕዶት ጋ እየመጣች፣ «ቲቸር፣ ልጅ ሲተኛ የሚከብደው ክብደት በአማርኛ ምን ይባላል?» እያለች። ማዕዶትም፣ «እኔም አላውቅ፤ እንዳልሽው ጻፊው» ትላታለች። ዐርብ ዕለት ወረቀቱን አመጣች። ማዕዶት መምህራን ማረፊያ ውስጥ፣ ሰው በሌለበት፣ አነበበችው። ቧንቧው አጠገብ የሰማችው ሁሉ አለ፤ ሁለት ብርጭቆ ውኃው፣ ዳቦው፣ የሞቀው ጀርባ፤ ከሀሴት ንባብም የተቀያየረው ጫማ። ቀሚሱን እናቷ አጥባ ስታሰጣው፣ «ያረጠበሽ ወንድምሽ ነው፣ አትቆጪ» ማለቷም አለ። አንድ ያልሰማችው ነገር ግን መሐል ላይ አገኘች። «ዳቦ ይዘን ስንመለስ እናቴ የለችም። ጓሮ እንሰቱ ውስጥ ገብታለች አሉኝ። ቆየች። ስትመለስ ፊቷ ታጥቧል። ውኃ ግን ይዛ አልሄደችም።»

ማዕዶት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቀይ ብዕሯን አነሣች፤ አንድም ቦታ ሳትነካ መልሳ ከደነችው።

ሰኞ ፈቲሀ ልታነብ ተነሣች። አቶ ባልቻ እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ይህኛው እንደ ፊተኛው ያስለቅስ እንደሆነ ሊሰሙ ነው የመጡት። ወልቂጤ መሄድ አለመሄዱን አንብባ ስትጨርስ እንደምትወስን ፈቲሀ ቀድማ ነግራቸዋለች።

በቀስታ አነበበች። በጉራጌ አማርኛዋ ቃላቱን ጠበቅ ጠበቅ እያደረገች። ልጁ ቆጮውን አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሙሀመድአወል ዴስኩን ደበደበ። «ከዚያ ሞቀኝ» ስትልማ ማስታገሥ አልተቻለም፤ አቶ ባልቻ እንኳ ፊታቸውን ወደ ኮሪደሩ አዞሩ። ፈቲሀ ሳቁ እስኪያልፍ ወረቀቷን ይዛ ጠበቀች፤ አገጯ ቀና ብሏል። ዳቦውን ይዘው ቤት ደረሱ። እዚህ ላይ ቆመች። አውራ ጣቷ ወረቀቱ ላይ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ፤ አረፈ። ከዚያ ዐይኗን አንሥታ መምህሯን አየችና ከታጠበው ቀሚስ ቀጠለች።

ጭብጨባው ሳያልቅ ሀሴት፣ ተመልሳ ከጎኗ ተቀምጣ ወረቀቱን ስትከተል የነበረችው፣ እጇን አወጣች።

«ቲቸር! መሐል ላይ ዘለለች! አንድ ቦታ አላነበበችም!»

«አውቃለሁ» አለች ፈቲሀ፤ ወረቀቱንም አጥፋ ተቀመጠች። «ወልቂጤም ስሄድ እዘለዋለሁ።»

ሀሴት ልትከራከር አፏን ከፈተች። የጓደኛዋን ፊት አየችና መልሳ ዘጋችው።

ማዕዶት ቀጣዩን ተማሪ ጠራች።